ትራክፖይንትን ሜካኒካል ኪቦርድ ላይ መትከል ከንቱ ድካም አይደለም

ሰሞኑን ኪቦርድ በገዛ እጃቸው የሚገጣጥሙ ወዳጆቼ አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ሰነበቱ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሜካኒካል ኪቦርድ (በየቁልፉ ሥር ስዊች የሚባል የራሱ ማብሪያ ያለው ኪቦርድ) መሀል ላይ ትራክፖይንት የምትባለውን በጣት የምትገፋ ጠቋሚ መትከል ከንቱ ድካም ነው። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ደርድረዋል። ቴክኖሎጂው አርጅቷል፣ የቲንክፓድ ላፕቶፖች ሠሪ ሌኖቮ ራሱ እየተወው ነው ይላሉ። ማውስ በፍጥነት ይበልጠዋል። ሰርኪት ቦርድ መብሳትና ኪካፕ (የቁልፍ ቆብ) መሞረድ ደህና ዕቃ ማበላሸት ነው። ሽቦውና ፈርምዌሩ (ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ለተራ ሰው አይሆንም፤ ቢሆንም ሲተይቡ ፊደል ይዘላል። ከርሰሩ በራሱ ጊዜ ይንሸራተታል፣ መፍትሔም የለውም። ጣት ያማል። ከርሰርን በቁልፍ ማንቀሳቀስ እየተቻለ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ጸሐፊው ኪቦርድ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ስለ ስዊችና ስለ ኪካፕ የጻፉት ላይ ቅሬታ የለኝም። ስለ ትራክፖይንት ያሉት ግን ብዙ ሰው ገና ሳይሞክራት እንዲተዋት ያደርጋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከዘረዘሯቸው ችግሮች አብዛኞቹ ምንጫቸው የሚታወቅ፣ በእጅም የሚስተካከሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

ላላዩዋት፦ ትራክፖይንት በቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ በጂ፣ በኤችና በቢ ፊደላት መሀል ብቅ ያለችው ቀይ የጎማ ነጥብ ናት። አትሽከረከርም፣ ከቦታዋም አትነሣም። በጣት ጫፍ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ገፋ ሲያደርጓት ከርሰሩ ወደዚያ ይሄዳል። ጫን ሲሉ ይፈጥናል፣ ሲለቋት ይቆማል። የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ላፕቶፖችም ለብዙ ዓመታት የየራሳቸው ነጥብ ነበራቸው።

እርጅናው ላይ ልጀምር። ሀሳቡን ያመነጨው ቴድ ሴልከር የተባለ ተመራማሪ ነው። ሴልከር አንድ ጥናት ያነባል። የሚተይብ ሰው እጁን ከፊደላቱ አንሥቶ ማውስ እስኪይዝ 0.75 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ለመመለስም ያንኑ ያህል ያጠፋል ይላል ጥናቱ። ሴልከር ይህን ጊዜ ለማስቀረት ተነሣ። በአይቢኤም ውስጥ ከጆ ራትሌጅ ጋር ሠሩት፤ በፈረንጆቹ 1992 በቲንክፓድ 700ሲ ላይ ለገበያ ወጣ። ማውስ ከዚህ በብዙ ዓመት ይቀድማል። ሁላችንም የምንወደው የቼሪ ኤምኤክስ ስዊችም የ1980ዎቹ ሥራ ነው። ዕድሜ ክስ ከሆነ መጀመሪያ መከሰስ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ሌኖቮን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን ነው የነገሩን። በ2025 መጀመሪያ የቀረበው ቲንክፓድ ኤክስ9 ነጥቧ የለችውም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ኩባንያው በቲ14 እና በኤክስ1 ካርቦን ላይ አልነካትም። ከላፕቶፕ ውጭ ደግሞ የጃፓኑ ፒኤፍዩ በ2023 ያወጣው ኤችኤችኬቢ ስቱዲዮ ሜካኒካል ስዊች ያለው ሆኖ መሀሉ ላይ ጠቋሚ ዘንግ ተተክሎበታል። የታይዋኑ ቴክስም ሺኖቢ የተባለውን ኪቦርድ የሠራው ለዚሁ ነገር ወዳጆች ነው። እየሞተ ያለ ነገር አዲስ ዲዛይን ውስጥ አይገባም።

ማውስ ይፈጥናል የሚለውስ? በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ፎቶ የሚያርም፣ ጌም የሚጫወት፣ ካርታ የሚስል ሰው ማውሱን ይያዝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ከስክሪን ጥግ እስከ ጥግ ብናወዳድር ማውስ ያሸንፋል። ግን ጥያቄው የተጠየቀው ለተሳሳተ ሥራ ነው። የሚጽፍ ሰው ከርሰሩን የሚፈልገው ለአፍታ ነው። አንድ ቃል ይመርጣል፣ አንድ ቁልፍ ይነካል፣ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። እዚህ ላይ ጊዜውን የሚበላው የእጅ ምልልስ ነው፤ ሄዶ መመለሱ 1.5 ሰከንድ ገደማ። ከጊዜውም በላይ ደግሞ ሐሳብ ይበተናል። እጅ ሲመለስ ጣቶች ቦታቸውን እንደገና መፈለግ አለባቸው። አንድ ቁልፍ ስተው አርፈው ሙሉ ቃል የተበላሸበት ሰው የምለው ይገባዋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ የባሰ ነው። በድምፅ በሚሠሩት የአማርኛ አጻጻፍ ዘዴዎች አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይጠይቃል፤ አንድ ለተነባቢው፣ አንድ ለአናባቢው። «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል አምስት ምት ነው። ስለዚህ እጃችን ፊደላቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ስናርም ደግሞ አንዲቱን ሆሄ ብቻ ነጥሎ መያዝ እንፈልጋለን። ከርሰሩ እዚያው ከአመልካች ጣታችን አጠገብ ሲሆን ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብረትና ፕላስቲኩ ልግባ። ጸሐፊው በቁልፎቹ መሀል ቦታ የለም፣ መብሳትም ጥፋት ነው ይላሉ። ቦታ አለ። ልኩን እንየው።

በመደበኛ ኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል 19.05 ሚሊሜትር ነው። የኤምኤክስ ስዊች አካል ከፕሌቱ (ስዊቾቹ ከሚሰኩበት ሳህን) በላይ ስፋቱ 15.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሁለት ስዊቾች መሀል 3.4 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ደግሞ በመደበኛው አደራደር የታችኛው መደዳ ከመሀለኛው በግማሽ ቁልፍ ይዛነፋል። በዚህም የተነሣ የጂና የኤች ድንበር ልክ በቢ ቁልፍ መሀል ላይ ይወድቃል። ነጥቧ የምትወጣው እዚያ ነው። የዘንጓ ውፍረት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ ማንንም ሳትነካ ታልፋለች። ከላይ ያለው የጎማ ቆብ ሰፋ ቢልም ችግር የለም፤ ኪካፖች ወደ ላይ ሲወጡ እየጠበቡ ስለሚሄዱ እዚያ ቦታው ይከፈታል።

የሚሞረዱት ኪካፖች ሦስት ብቻ ናቸው። የጂ የቀኝ ታችኛ ጥግ፣ የኤች የግራ ታችኛ ጥግ፣ የቢ የላይኛው ጠርዝ መሀል። ትንሽ ክብ ሞረድ ይበቃል። ውድ ኪካፕ ላይ አትጀምሩ፤ ከርካሽ ስብስብ ላይ ሦስቱን ወስዳችሁ ተለማመዱ። ልኩ ሲገባችሁ ወደ ጥሩዎቹ እለፉ።

መብሳቱ ላይ ግን ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። ተሠርቶ ያለቀ ሰርኪት ቦርድን፣ የመዳብ መስመሮቹ የት የት እንደሚያልፉ ሳያዩ በድሪል መብሳት ቦርዱን ሊገድለው ይችላል። እኔም አድርጉ አልልም። ግን መንገዱ ይህ ብቻ ነው ያለው ማነው? የመጀመሪያችሁ ከሆነ ሰርኪት ቦርድ የሌለው፣ ስዊቾቹ ፕሌት ላይ ተተክለው በሽቦ የተያያዙበት ኪቦርድ ሥሩ። ፕሌት ላይ የሚቆረጥ መስመር የለም፤ ቀዳዳው የብረት ወይም የአክሪሊክ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቦርዱን ራስን መንደፍ ነው። ኪካድ በተባለው የሰርኪት ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ቀዳዳ መጨመር ቀላል ነው፤ መስመሮቹን ዙሪያውን ታሳልፏቸዋላችሁ። ሦስተኛው ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ላላቸው ነው። እዚያ ነጥቧን በቁልፎች መሀል መክተት ግድ አይደለም፤ በውስጠኛው ጠርዝ፣ አውራ ጣት በምትደርስበት ቦታ ትቀመጣለች። ሞረድም ድሪልም አያስፈልግም።

ቦርድ ለሚነድፉ አንድ ምክር ልጨምር። የኤምኤክስ ስዊች ሁለቱ የኤሌክትሪክ እግሮች በአንድ ወገን ናቸው። የቢ ስዊች እግሮቹ ወደ ላይ ከዞሩ፣ በተለይ ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሶኬት ካለው፣ ነጥቧ የምትወጣበትን ቦታ ያጣብባሉ። ስለዚህ ቢን ብቻ ወደ ታች አዙሩት፤ ጂና ኤችን እግራቸው ወደ ላይ እንዲሆን ተዉአቸው። መሀሉ ወለል ብሎ ይከፈታል።

የዘንጓ ርዝመት ሌላው የሚፈራው ነገር ነው። ሞጁሉ፣ ማለትም ከላፕቶፕ የሚወጣው የትራክፖይንት ክፍል፣ የተሠራው ለዝቅተኛ የላፕቶፕ ቁልፍ ነው። ሜካኒካል ኪቦርድ ግን ረጅም ነው፤ ከሰርኪት ቦርዱ እስከ ስዊቹ አናት ብቻ 11.6 ሚሊሜትር አለ፣ ኪካፑ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ማስረዘሚያ ያስፈልጋል። ሰዎች በ3ዲ ፕሪንተር ያትሙታል። ይሠራል፤ ግን ቀጭን ፕላስቲክ ራሱ ይጎብጣል፣ ያኔ ግፊቱ ወደ ሴንሰሩ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ከብረት የተሠራውን እመርጣለሁ። ዘንጉ ሲረዝም ደግሞ ያው ግፊት ሥሩ ላይ የበለጠ ጉልበት ይሆናል፤ ከርሰሩ ይፈነጥዛል። ይህን ያየ ሰው ሞጁሉ የተበላሸ ይመስለዋል። መድኃኒቱ የስሜት መጠኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ትራክፖይንት ይህን የሚቀይር ትእዛዝ ይቀበላል፤ መነሻው ቁጥር 128 ነው። ፈርምዌሩ ሲነሣ ዝቅ ያለ ቁጥር እንዲልክ ማድረግ በቂ ነው።

ሽቦው አያስፈራም። ትራክፖይንት የሚናገረው በፒኤስ 2 ነው፤ የድሮ ማውስ ቋንቋ። አራት መስመር አለው፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ዳታ፣ ክሎክ። ዳታና ክሎክ እያንዳንዳቸው በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልቱ ጋር ይያያዛሉ። ጸሐፊው አንዳንዴ ሲሰኩት ጨርሶ አይነሣም ያሉት አምስተኛውን መስመር፣ ሪሴትን ስለረሱት ይመስለኛል። ብዙ ሞጁሎች ኃይል ሲያገኙ ለአፍታ ሪሴት እንዲደረጉ ይፈልጋሉ። 2.2 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከ5 ቮልት ወደ ሪሴት፣ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከሪሴት ወደ ግራውንድ። ሌላ ምንም የለውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አርፒ 2040 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ቦርዶች በ3.3 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ 5 ቮልት በቀጥታ ከገባባቸው ይጎዳሉ። በመሀል የቮልት መቀየሪያ አድርጉ።

ሞጁሉን ከየት እናመጣለን ለሚለው፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ያገለገሉ ቲንክፓዶች በየኮምፒውተር ሱቁ አሉ። ጥገና ቤቶች ጋ ደግሞ ቁልፉ የሞተ፣ ነጥቧ ግን ደህና የሆነች የላፕቶፕ ኪቦርድ አይጠፋም። ስትመርጡ ቺፑ ከነጥቧ ጋር በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ያለውን ውሰዱ። ሴንሰሩ ብቻ ከሆነ ሥራው ይበዛባችኋል።

ፈርምዌሩ ላይ ጸሐፊው ሲተይቡ ፊደል እንደሚዘልና ከርሰሩም እየተቆራረጠ እንደሚሄድ ጽፈዋል። አምናቸዋለሁ። ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ኪውኤምኬ የተባለው የኪቦርድ ፈርምዌር ፒኤስ 2ን በተለያየ መንገድ ያነባል። አንደኛው መንገድ ፕሮሰሰሩን ቆሞ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ነው። ለማስጀመር ቀላል ስለሆነ ሁሉም በእሱ ይጀምራል። እየጠበቀ ሳለ ግን ቁልፎቹን አያይም፤ ፊደል የሚዘለው ያኔ ነው። የኪውኤምኬ መመሪያ ራሱ ይህን መንገድ አይመክርም። ኤትሜጋ 32ዩ4 የተባለው ቺፕ ያለው ቦርድ ከሆነ ክሎክን ዲ5 የተባለው እግር ላይ፣ ዳታን ዲ2 ላይ አድርጋችሁ በዩሳርት (ቺፑ ውስጥ ባለው የመረጃ መቀበያ ክፍል) አስነብቡት። ሥራውን ሃርድዌሩ ይሠራዋል፣ ፕሮሰሰሩ ነፃ ይሆናል። አርፒ 2040 ላይም ለዚሁ የተዘጋጀ ድራይቨር አለ። በዚህ መንገድ ከተሠራ በኋላ ፊደል ሲዘል አላየሁም።

የማውስ ቁልፎቹ ጉዳይም አለ። ጸሐፊው ሦስት ተጨማሪ ቁልፍ የት ይገባል ብለዋል። እንደ ቲንክፓዱ ከስፔስ በታች ሦስት ቁልፍ መደርደር ያምራል፤ ግን ግድ አይደለም። ነጥቧ ስትነካ ፈርምዌሩ ለአጭር ጊዜ ሌላ ሌየር (ቁልፎቹ ሌላ ሥራ የሚይዙበት አደራደር) እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። ያኔ በአውራ ጣት ሥር ያሉት ቁልፎች ክሊክ ይሆናሉ፤ ነጥቧን ስትለቁ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ። የመሀለኛውን ቁልፍ ተጭኖ ነጥቧን መግፋት ደግሞ ገጹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ረጅም ሰነድ ለሚያነብ ሰው እኔ በበኩሌ ከክሊኩም ይልቅ ይህችን ነገር እወድለታለሁ።

መንሸራተቱ ጋ ደረስኩ። ይህ የጸሐፊው ጠንካራው ክስ ነው፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔ የለውም ማለታቸው ግን ትክክል አይደለም።

ዘንጓ ሥር በአራት ጎን ስስ ሴንሰሮች አሉ። ስትገፏት በዓይን በማይታይ መጠን ትጎብጣለች። በአንዱ ጎን ያለው ሲለጠጥ በተቃራኒው ያለው ይጨመቃል፤ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸውም ይለወጣል። ቺፑ የሁለቱን ልዩነት አጉልቶ ወደ ከርሰር እንቅስቃሴ ይቀይረዋል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሙቀት ሲለዋወጥ እንኳ ዜሮው ይዛነፋል። ስለዚህ ቺፑ ዜሮውን በየጊዜው ራሱ ያስተካክላል። የማይለዋወጥ ግፊት ለትንሽ ጊዜ ካየ፣ ያንን አዲሱ ዜሮ አድርጎ ይወስደዋል። ጣታችሁን ሳታነቃንቁ ገፍታችሁ ከያዛችኋት በኋላ ስትለቋት ከርሰሩ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ለዚህ ነው። እጃችሁን አንሡ። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ይቆማል።

ይህ ጤናማው መንሸራተት ነው። በእጅ በተሠሩ ኪቦርዶች ላይ የሚታየው ክፉው መንሸራተት ግን፣ እኔ ባየኋቸው ሁሉ፣ ከኤሌክትሮኒክሱ ሳይሆን ከአገጣጠሙ ነው የመጣው። ማስረዘሚያው የቀዳዳውን ጠርዝ ይነካል። ወይም የቢ ኪካፕ በደንብ ስላልተሞረደ ሲጫኑት ዘንጓን ይገፋታል። ወይም ሞጁሉ የታሰረበት ፕሌት ስስ ስለሆነ መዳፍ ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ ሴንሰሩም ጉብጠቱን እንደ ግፊት ያነበዋል። ወይም ብሎኑ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ለመለየት ቀላል ነው። መጀመሪያ ሦስቱን ኪካፖች አውጡና ነጥቧን ሞክሩ። መንሸራተቱ ከቆመ ጥፋቱ የሞረዱ ነው። ካልቆመ ማስረዘሚያውን አውልቁ። አሁን ከቆመ ቀዳዳው ጠብቧል ማለት ነው፤ አስፉት። አሁንም ከቀጠለ የሞጁሉን ብሎኖች በትንሹ አላሉ፤ ከተቻለም ሞጁሉን ከፕሌቱ ለይታችሁ ጠንካራ ነገር ላይ እሰሩት። በዘንጓ ዙሪያ ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር አየር ይኑር። ኪቦርዱን ስትሰኩ ደግሞ ነጥቧን አትንኳት፤ የመጀመሪያውን ዜሮ የምትይዘው ያኔ ነው።

የጣት ሕመምን አቅልዬ አላየውም። የሚያመው ሰው አለ። ግን አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ነጥቧ ደንዳና ስትሆንና ሰው በኃይል ሲገፋት ነው። ስሜቱን ከፍ አድርጋችሁ በለስላሳ ጣት ግፉ፤ ከላይ እንዳልኩት ረጅም ዘንግ ራሱ ግፊቱን ያቀላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከሚገባው በላይ አታውርዱት። ቆቡንም ቀይሩ። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለው ቆብ ጣትን ስለሚይዝ መጫን አይጠይቅም። የግራና የቀኝ አመልካች ጣትን ማፈራረቅም ይረዳል። ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም የሚያመው ሰው ይተዋት፤ ማንም አያስገድደውም። ማውስም አንጓ የሚያሳምመው ሰው እንዳለ ግን አንርሳ።

ከርሰርን በቁልፍ ማንቀሳቀስ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። በቁልፍ ከርሰሩ የሚሄደው በስምንት አቅጣጫ ነው፤ ፍጥነቱም የሚወሰነው ቁልፉ በተያዘበት ጊዜ ልክ ነው። ነጥቧ ግን በሁሉም አቅጣጫ ትሄዳለች፣ ፍጥነቷም በግፊቱ ልክ ነው። በቁልፍ አንዲት ሆሄ ነጥሎ ለመያዝ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

የተሠራውን ግዙ የሚለው ምክራቸው ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ቴክሱም ኤችኤችኬቢውም ደህና ዕቃዎች ናቸው። የሌኖቮ ትራክፖይንት ኪቦርድ ቱም አለ፤ ነገር ግን ቁልፎቹ የላፕቶፕ ዓይነት እንጂ ሜካኒካል አይደሉም። የራሱን አደራደር፣ የራሱን ስዊች፣ ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ የሚፈልግ ሰው ግን ከነዚህ ውስጥ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ትራክፖይንቱን የሞከሩበትን ኪቦርድ ካልጣሉት፣ በዩሳርት ያስነብቡትና የሪሴት መስመሩን ይጨምሩለት። ከዚያ ሦስቱን ኪካፖች አውጥተው ይሞክሩት። ከርሰሩ አሁንም ከተንሸራተተ የሞጁሉን ዓይነትና የቀዳዳውን ፎቶ ያውጡልን፤ እኔም ሌሎቹም አይተን የሚሆነውን እንነግርዎታለን።